ለጠለፋ መከላከያ የቱ ይሻላል፦ የምድር ፍተሻ ወይስ የተቆለፈ የአብራሪ ክፍል በር?

ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቦሌ የደረሰ መንገደኛ፣ ቀበቶውን ፈትቶና የመንዝ በርኖሱን አውልቆ በፍተሻው ሳጥን ውስጥ ሲያኖር «ይህ ሁሉ ለምን?» ማለቱ አይቀርም።

ፍተሻ መሣሪያ አስቀድሞ ያስቀራል፤ ነገር ግን ብዙ ሠራተኛና ጊዜ ይጠይቃል። በሩ አንዴ ከተገጠመ መንገደኛን አያጉላላም።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961 የጠለፉት ሦስት ሰዎች የያዙት መጥረቢያ የአውሮፕላኑ የራሱ ነበር፤ ነዳጅ አልቆበት ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ያን ዕለት፣ በእኔ ግምት፣ የሚበጀው ጠንካራ በር ነበር። የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ግን ዋናው አብራሪ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲወጣ በሩን ከውስጥ ቆልፎ የዚሁኑ አየር መንገድ ሌላ አውሮፕላን ጠልፎ ጄኔቫ ያሳረፈው ረዳት አብራሪው ራሱ ነው።

ስለዚህ ስጋቱ ፈንጂ ወይም ሽጉጥ ከሆነ ፍተሻው፣ ባዶ እጁን ገብቶ በጉልበት የሚነሣ ጠላፊ ከሆነ በሩ ይመረጣል፤ አስጊው ከበሩ ወዲያ ከተቀመጠ ግን ከሁለቱም ይልቅ አንድ አብራሪ ብቻውን እንዳይቀር ማድረጉ ይሻላል።