ዌምብሌይ ወይስ መስቀል አደባባይ?

ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቡና እየጠጣን ጓደኛዬ ጠየቀኝ፦ «አንድ ኮንሰርት ላይ በአካል መገኘት ብትችል፣ የ1977ቱን ላይቭ ኤይድ ወይስ የ1997ቱን የቦብ ማርሌይ ልደት?»

እሱ ያለ ማመንታት ላይቭ ኤይድ አለ። ሐምሌ 6 ቀን፣ ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየምና አሜሪካ ፊላደልፊያ በአንድ ቀን፣ በሳተላይት ለዓለም የተላለፈ፣ ለእኛው ረሃብ ገንዘብ የተሰበሰበበት። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ፊል ኮሊንስ ለንደን ዘፍኖ ኮንኮርድ በሚባለው እጅግ ፈጣን አውሮፕላን በረረና ፊላደልፊያም መድረክ ወጣ። የኩዊን ባንዱን ዘፋኝ የፍሬዲ ሜርኩሪን 20 ደቂቃ ግን የሚያክል የለም። በስልክ ደግመን አየነው። ከ70 ሺህ በላይ ሰው እጁን እኩል ሲያነሳ ቡናዬን ረሳሁት፤ ቀዘቀዘ።

ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። የተዘፈነው ለእኛ ነው፣ እኛ ዘንድ ግን አይደለም። ያኔ ወሎና ትግራይ ያለው ሰው ስንዴ ይጠብቅ ነበር።

ምርጫዬ መስቀል አደባባይ ነው። ጥር 29 ቀን፣ ቦብ በሕይወት ቢኖር 60 ዓመት የሚሞላው ዕለት። ባለቤቱ ሪታ ማርሌይና ልጆቹ እኛው አገር መጥተው ዘፈኑ። የቦብ ሰዎች ደግሞ ለእኛ ሩቅ አይደሉም፤ የሻሸመኔ ራስታዎች ከሐዋሳ ግማሽ ሰዓት ቢርቁ ነው። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ የአውቶቡስ ብር አጥቼ ቀረሁ። እስካሁን ይቆጨኛል። የጎረቤታችን ልጅ ግን ሄዶ ነበር። ሲመለስ ድምፁ ተዘግቶ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በሹክሹክታ ነው ያወራን።