ዘጌን በእግር፦ መንገዱን ራሳቸው ከሚጠግኑት አስጎብኚዎች ጋር

ጣና ሐይቅ ዳር ስላለችው ዘጌ የሚጻፈው ሁሉ ስለ ጀልባውና ስለ ገዳማቱ ሥዕል ነው። ይገባቸዋል። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ መንገዱ ነው፤ ከጀልባ መውረጃው ተነስቶ በቡናው መሃል ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ስለሚወስደው የእግር መንገድ፣ ክረምት ሲወጣ ያንን መንገድ በዶማና በድጅኖ ስለሚያድሱትና በጋውን ደግሞ እንግዳ ይዘው ስለሚያስጎበኙበት የመንደሩ ልጆች። ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ከ5 4 ተኩል እሰጣቸዋለሁ። ግማሿ የት እንደሄደች ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስትወርዱ አስጎብኚ ትይዛላችሁ። እኛን የያዘን ልጅ እጁ ላይ አጠር ያለች ዶማ ነበረች። ለምን እንደያዛት ስጠይቀው "ቅጠል ልጠርግባት ነው ጋሼ፣ በዚያው እግረ መንገዴን" አለኝ። እውነቱን ነው። ትንሽ እንደወጣን መንገዱን ሰያፍ አድርጎ የሚያቋርጥ፣ ውሃውን ወደ ጎን የሚያወጣ የድንጋይ መስመር ጋ ቆመ። አንዱ ድንጋይ ላይ ወጣና በተረከዙ ግራ ቀኝ ሊነቀንቀው ሞከረ። ንቅንቅ አላለም፤ ከግማሽ በላይ መሬት ውስጥ ተቀብሯል። ከዚያ ወደ ታችኛው ጫፍ ሄዶ ውሃ መውጫውን የዘጋውን የበሰበሰ ቅጠል በዶማው ጎትቶ አወጣ። ከሥሩ ጥቁር ጭቃ ወጣ፣ እሱንም ጠረገው። ሥራው በጣም አጭር ነበር። ነገር ግን ያቺ አፍ ተዘግታ ብትከርም የሚቀጥለው ዝናብ ድንጋዩን ዘልሎ መንገድ መንገዱን ይወርድ ነበር።

የእግር መንገድን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ውሃ ነው። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው በእነዚያ በጥቂት የክረምት ወራት ነው። ያ ሁሉ ውሃ ዳገት ላይ መውጫ ሲያጣ የሰው መንገድ ያገኛል፣ ይገባበታል፣ መንገዱን ቦይ ያደርገዋል። የጎጃም ገበሬ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ጤፍ ማሳው ላይ ፈሰስ የሚያወጣው ለዚሁ ነው፦ ውሃው ጉልበት ሳያገኝ በፊት በቀስታ ወደ ጎን እንዲወጣ። የዘጌ ልጆችም ከአባቶቻቸው ያዩትን ነው መንገዱ ላይ ያመጡት። መንገዱ ራሱም ወደ ቁልቁለቱ ወገን በትንሹ ጋደል ያለ ነው፤ ስትሄዱበት አይታወቃችሁም፣ ውሃው ግን ያውቀዋል። በሌላ አገር ይህን ሥራ ሙያዬ ብለው የያዙ ሰዎች በአንድ ሜትር ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል ይላሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣና ስለ እነሱ ላውራ፣ ምክንያቱም ዘጌ ያየሁትን ነገር በደንብ የገባኝ ከዚህ በፊት ስለ እነሱ ስላነበብኩ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣ የዱር አካባቢዎች ሕግ አለ። በሕጉ በተከለሉት ቦታዎች ሞተር ያለው መሣሪያ ክልክል ነው። መንገድ ጠጋኙ ቡድን በሞተር መጋዝ አይሠራም፣ መኪናም አያስገባም። ሁለት ሰው ከሁለት ጫፍ የሚስበው ረጅም መጋዝ፣ መጥረቢያ፣ አካፋ፣ እና አንድ ወገኑ መጥረቢያ ሌላው ወገኑ ዶማ የሆነ ፑላስኪ የሚባል መሣሪያ ይዘው በእግራቸው ይገባሉ። ብዙ ጊዜ ስንቁንና ዕቃውን በቅሎ ይጭናል፤ ስሜን ተራራ የሄደ ሰው ይህንን ለመገመት አይቸገርም። ድንኳን ተክለው እዚያው እያደሩ ነው የሚሠሩት። መጀመሪያ የወደቀ ዛፍ ያነሳሉ፣ መንገዱን የሸፈነውን ቁጥቋጦ ይመነጥራሉ፣ የውሃ መውጫውን ይከፍታሉ፣ የተቦረቦረውን ይሞላሉ። አዲስ መንገድ ሲቀይሱም አንድ የሚከተሉት ነገር አለ፦ የመንገዱ ዳገትነት መንገዱ ከሚያርፍበት ተዳፋት ግማሽ አይብለጥ። ከበለጠ ውሃው መንገዱን ከማቋረጥ ይልቅ ይዞት ይወርዳል።

ዘጌ እንደዚያ ሩቅ በረሃ አይደለም። ሥራው ግን ያው ነው፣ እጅና ትዕግሥት። እኛ በሄድንበት ጊዜ መንገዱ ላይ ወፍራም ቅርንጫፍ ወድቆ ነበር፣ ሁለት ጫፉ ተደግፎ መሃሉ ተንጠልጥሏል። ሁለት ልጆች በእጅ መጋዝ ይቆርጡታል። እንዲህ ያለ እንጨት ላዩ ይጨመቃል፣ ታቹ ይወጠራል፤ ከላይ ዝም ብላችሁ ከቆረጣችሁት መጋዙን ነክሶ ይይዘዋል። ልጆቹ ከላይ ጥቂት ቆርጠው ክፍተቱ ላይ የእንጨት ሽብልቅ መቱበት፣ ከዚያ ቀጠሉ። ትልቁ ትንሹን "ከላይ በኩል ቁም፣ ከታች አትቁም" እያለ ይቆጣዋል። እውነቱን ነው፤ የተቆረጠ ግንድ የሚንከባለለው ወደ ታች ነው። የቆረጡት መንገዱን የዘጋውን ያህል ብቻ ነው። የቀረውን ጫካው ውስጥ ተዉት።

ዘጌን ከሌላው የሚለይ አንድ ነገር አለ። በገዳሙ ወግ በሬ ጠምዶ ማረስም ከብት ማርባትም የተከለከለ ነው። በአፈ ታሪኩ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ከሦስት ከፍለው ተከሉና ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆነ ይባላል፤ ሕዝቡም በዛፍ ይኑር ተባለ። ይህ ወግ ጫካውን አቆየ። መንገዱንም ጠቅሟል፤ እርጥብ መሬት ላይ የከብት ኮቴ የሚያደርገውን ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ጢስ ዓባይ ብትሄዱ ልዩነቱን ታያላችሁ። እዚያ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ አልፋችሁ የምትወጡበት ዳገት ከብትም ሰውም የሚመላለስበት ገላጣ ነው፣ ዝናብ ከነካው ያንሸራትታል።

አሁን ግማሿ ነጥብ። ወደ ሐይቁ ስትመለሱ፣ መውረጃው አጠገብ፣ መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ማጥ ሆኗል። ሰው ጭቃውን ሽሽት በጎን ይሄዳል፣ ጎኑም ጭቃ ይሆናል፣ ከዚያ ሌላ ጎን። አሁን መንገዱ ሦስት እጥፍ ሰፍቶ የቡና ችግኝ እየረገጠ ነው። "በዚህ አትሂዱ" ማለት አይበቃም፤ ማንም ጫማውን ጭቃ ውስጥ መንከር አይፈልግም። ጭቃው ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ መደርደር፣ ከላዩ ፈሰስ ማውጣት፣ የጎኑን መተላለፊያ በቅርንጫፍና በድንጋይ መዝጋት ነው መፍትሔው። ላይኛው መንገድ ላይ ይህንኑ አድርገውታል፤ እዚህም ይችላሉ። ልጁን ጠየቅኩት። ድንጋዩን ከሩቅ ተሸክመው ማምጣት ስላለባቸው እንደዘገየ ነገረኝ። ባሬላ እንኳ የላቸውም።

ጀልባውን ያከራየን ሰውዬ ደግሞ ቶሎ ተመለሱ እያለ ስልክ በስልክ አደረገን። ይህ የልጆቹ ጥፋት ስላልሆነ ነጥባቸውን አልነካሁም። እናንተ ግን የመቆያ ሰዓቱን ባሕር ዳር ላይ ሳትነሱ ተነጋገሩ። አዝዋ ማርያም ገዳምንም ጨምራችሁ በዝግታ መሄድ ከፈለጋችሁ ግማሽ ቀን ያስፈልጋችኋል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምን። መንገዱ ኮብልስቶን ይነጠፍበት የሚል ሐሳብ ከሰዎች ሰምቻለሁ። እባካችሁ ተዉት። ኮብልስቶን ለከተማ ጥሩ ነው። ይሄ ግን የዛፍ ሥር የሚያልፍበት፣ ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ሲመዘገብ አብሮ የተመዘገበ ጫካ ነው። ለኮብልስቶን የሚወጣው ገንዘብ ሩብ እንኳ ለእነዚህ ልጆች ለባሬላ፣ ለመጋዝና ለቀን አበል ቢሰጥ መንገዱ ዕድሜ ልኩን ይኖራል። የማስጎብኘቱን ክፍያ ከፍላችሁ ስትጨርሱ "ይህ ለመንገዱ" ብላችሁ ለብቻ ስጡ። እኛ ስንሰጥ ልጁ ደብተር አውጥቶ ጻፈው፣ በጣም ደስ አለኝ።

ሴቶች ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይገባሉ፤ ወንድ ብቻ የሚያስገቡት እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉት ደሴት ላይ ያሉ ገዳማት ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ከሄዳችሁ ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ አድርጉ። ከመስቀል በኋላ ግን ልጆቹ ደቦ ጠርተው ክረምቱ ያበላሸውን የሚጠግኑበት ጊዜ ነው። አብሮ መሥራት የሚፈልግ ካለ ዶማ አይጠፋም ብለውኛል። ጓንት ይዛችሁ ሂዱ፣ ድንጋዩ እጅ ይልጣል።