ሣጥን፣ ካሜራ ወይስ መዝገብ? አረጋውያንን ከቅጣት ለመጠበቅ የሚገዙ ነገሮች ግምገማ

ለአረጋውያን ማዕከል ገንዘብ የሚያዋጣ እድር፣ የሰንበቴ ማኅበር ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ "እዚያ ያሉት እንዳይበደሉ" ብሎ ሲነሣ፣ ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ መጀመሪያ የሚገዛው የአስተያየት ሣጥን ነው፤ ገንዘብ ከተረፈ ካሜራ። ሁለቱም አይጠሉም። ግን በማዕከል ውስጥ በብዛት የሚፈጸመውን ቅጣት አይዙትም። የሚይዘው ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚገዛ ተራ ባለመስመር መዝገብ ነው፤ በደንብ ከተያዘ።

ምክንያቱ የቅጣቱ ዓይነት ነው። ዱላ የለም አይባልም፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሰለቸው ተንከባካቢ እጁን አያነሣም፣ ይነፍጋል። አልጋ ያራሱትን እናት ከማታ ጀምሮ ውሃ ይከለክላቸዋል። የሚያጉረመርሙትን አባት ምርኩዛቸውን ወስዶ እጃቸው የማይደርስበት ጥግ ያቆመዋል። ቡና ሲፈላ ሳይጠራቸው ያልፋል። "በ21 ማርያም አትሄጂም!" ይላል ልጇ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በሐምሌ ሌሊት ጋቢ መቀማት ብቻውን ሰው ያሳምማል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ጥቂት ክፉዎች ብቻ ናቸው ማለትም አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት ያሰባሰባቸው ጥናቶች እንደሚያሳዩት በእንክብካቤ ተቋማት ከሚሠሩ 3 ሰዎች 2ቱ ባለፈው ዓመት በደል መፈጸማቸውን ራሳቸው ተናግረዋል። ሌሊቱን ሙሉ ለብቻው ብዙ አልጋ የሚጠብቅ ሠራተኛ ያለበት ቤት ምን ቢገዛለት ዋጋ የለውም፤ መጀመሪያ ተረኛ ይጨመር።

ወደ ሣጥኑ እንምጣ። ሣጥኑ ራሱ ችግር የለበትም፤ የሚበላሸው ሲሰቀል ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰቀለው በአስተዳዳሪው በር ላይ ነው፤ ቁልፉም እሱ ኪስ ውስጥ ነው። ከገጠር የመጡ አረጋውያን ብዙዎቹ አይጽፉም፤ የሚጽፉትም ዓይናቸው በሞራ ተጋርዷል ወይም እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እንዲሠራ ከተፈለገ ወደ መጸዳጃ ቤት ወይም ወደ ምግብ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ ሰው እንዲደርስበት 1 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይሰቀል። 2 ቁልፍ ይኑረው፤ አንዱ ከአረጋውያኑ ተወካይ፣ ሌላው ከውጭ ሰው ዘንድ፣ ለምሳሌ ከሰበካ ጉባኤው ወይም ከእድሩ ዳኛ። በ7 ቀን አንዴ ይከፈት፤ ባዶ ከሆነም "ባዶ" ተብሎ ይመዝገብ። በወረቀት ፈንታ ለሁሉም ቀይ ካርድ ይታደል። ካርዱ ላይ ስምም የአልጋ ቁጥርም አይጻፍ። ሣጥኑ ውስጥ አንድ ቀይ ካርድ ከተገኘ የውጭ ጎብኚው በዚያ ሳምንት ሁሉንም አረጋውያን አንድ በአንድ ያነጋግራል። ማን እንደከሰሰ ስለማይታወቅ ቂም የሚይዙበት ሰው አይገኝም።

ካሜራ ላይ ሻጮች የማይናገሩት የማስቀመጫውን መጠን ነው። 4 ካሜራ እያንዳንዱ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ከቀዳ በቀን 86 ጊጋባይት ገደማ ይሞላል። 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ 12 ቀን እንኳ አይደርስም፤ ከዚያ ከአሮጌው እየደመሰሰ ይጽፍበታል። በወር አንዴ የሚመጣ ልጅ ቅሬታ ሲሰማ ምስሉ የለም። 4 ቴራባይት ይገዛ፤ ወደ 46 ቀን ይይዛል። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤስ (ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ከሌለ ሌሊቱ ሳይቀዳ ያድራል፤ ሲመጣም የአንዳንዱ መቅጃ ሰዓት ተዛብቶ ስለሚነሣ በየሳምንቱ ይታይ። መኝታና መታጠቢያ ክፍል ውስጥ መትከል ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተከበረውን የግል ሕይወት ይነካል። ስለዚህ ገላ ሲያጥቡ የሚደርሰው ግፍ ከካሜራው ውጭ ነው። ካሜራ ለሌሊት ኮሪደርና ለመድኃኒት ቁም ሣጥን በር ይበቃል። ከዚያ ያለፈ ተስፋ አይጣልበት፤ ያልቀረበ ምሳ በምስል አይታይም።

አሁን መዝገቡ። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ሁሉም ገጽ ቁጥር ይጻፍበት፤ የተቀደደ ገጽ እንዲታወቅ። በእስክሪብቶ ብቻ ይጻፍ፤ ስሕተት በአንድ መስመር ይሰረዝና ይፈረምበት እንጂ አይደለዝ። የምግብና የውሃ ገጽ ምን እንደቀረበ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል እንደተበላ፣ ማን እንዳቀረበ ይይዛል። ጎጃም ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልገው የጾም ጉዳይ ነው። የተነፈገ ምሳ "ጾመኛ ናቸው" በሚል በቀላሉ ይሸፈናል። ስለዚህ ጾሙን የወሰኑት ራሳቸው መሆናቸው፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾሙና በ9 ሰዓት ምን እንደቀረበላቸው ይጻፍ። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑማ ነገሩ የነፍስ ነው፤ ግሊቤንክላማይድ የተባለውን ስኳር የሚያወርድ ክኒን ወይም ኢንሱሊን ወስደው ምሳ ካልበሉ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ይስታሉ።

የመድኃኒት ገጽ ዋና ሥራው አረጋውያንን ለማፍዘዝ የሚሰጥ መድኃኒትን ማጋለጥ ነው። "ሌሊት ይጮኻሉ" ተብሎ ዳያዜፓም፣ ሃሎፔሪዶል ወይም ክሎርፕሮማዚን ሲሰጥ ያዘዘው ባለሙያ ማን ነው? ለምን ሕመም? እስከ መቼ? እነዚህ 3 ጥያቄዎች ካልተመለሱ መድኃኒቱ ለሠራተኛው ዕረፍት የተሰጠ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያንቀላፉ፣ ለሃጫቸው የሚፈስ፣ በቅርቡ መውደቅ የጀመሩ ካሉ ከዚህ ገጽ ይጀመር።

መዝገብም ይዋሻል። ተረኛው ሊወጣ ሲል ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ "በልተዋል" ብሎ ይሞላዋል። ይህን የሚያጋልጠው ሚዛን ነው። በወር አንዴ፣ በተመሳሳይ ልብስ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይመዘኑ። በአንድ ወር ከክብደታቸው 5 በመቶ ከቀነሱ፣ ማለትም 50 ኪሎ የነበሩ 2 ኪሎ ተኩል ካጡ፣ ወይ ታመዋል ወይ አልበሉም፤ ሁለቱም በዚያው ቀን ይጠየቃል። ከምንገመግማቸው ዕቃዎች ለገንዘቡ የሚያዋጣው ይኸው ሚዛን ሳይሆን አይቀርም።

"ለደኅንነት" እየተባለ የሚቀርበውን የአልጋ ማሰሪያ አይግዙ። የታሰረ ሰው ሊታነቅ ይችላል፤ በየ2 ሰዓቱ ካልተገላበጠም መቀመጫውና ተረከዙ ይቆስላል። በጣት ሲጫኑት የማይጠፋ ቅላት የቁስሉ መጀመሪያ ነው። በምትኩ ዝቅ ያለ አልጋና በእጅ የሚደረስበት ደወል ይሻላል። በሁለቱም ክንድ ላይ የጣት ቅርጽ ያለው ሰንበር ከታየ "ወድቀው ነው" የሚለው መልስ አይበቃም፤ የሚወድቅ ሰው በሁለት ክንዱ እኩል አይመታም።

ጎብኚው "እንዴት ነዎት?" ብሎ ቢጠይቅ መልሱ የታወቀ ነው፤ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብለው ዝም ይላሉ። ከተንከባካቢው ጆሮ ርቆ፣ ፀሐይ ላይ አጠገባቸው ተቀምጦ ዝርዝሩን ይጠይቅ፦ "እማማ፣ ማታ ውሃ ማን ሰጠዎ? ምርኩዝዎ አሁን የት ነው? እሑድ ቅዳሴ ማን ወሰደዎ?" መልሱን ከመዝገቡ ጋር ያስተያይ። የሚመጣበትን ቀን ደግሞ አስቀድሞ አይናገር።

በደል ከተገኘ መረጃው ለወረዳው ወይም ለከተማው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይቅረብ። ድብደባ ወይም ማሰር ከሆነ በቀጥታ ለፖሊስ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄደው የሕክምና ማስረጃ ይያዝ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበት፣ ኢሰብአዊ ወይም ክብርን የሚያዋርድ አያያዝን ስለሚከለክል አቤቱታው ላይ ይጠቀስ። ጉዳዩ እስኪጣራ ከክፍሉ የሚነሣው ሠራተኛው ነው እንጂ አረጋዊው አይደሉም። ማዕከሎች ግን ዘወትር ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ የተናገሩትን ሰው ከለመዱት አልጋና ከጎረቤታቸው ነጥለው ወደ ሌላ ክፍል ይወስዷቸዋል፤ ያየ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ቀይ ካርዱን አይነካም።