መጀመሪያ ሬዲዮውን ያጠፋው ባለሙያ

ሰው ሲሠራልን ዝም፣ ሲያበላሽብን ብቻ ጩኸት እንዳይሆንብኝ የመኪናዬን ጩኸት ላበረደልኝ ባለሙያ ይህን ምስጋና ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

ከአባቴ የወረስኩት ፊያት 124 ኩፔ በፈረንጆች 1972 የተመረተ ነው። ሰፈር ውስጥ ልጆች ሲያዩት «ላዳ ነው እንዴ?» ይላሉ። ሁለቱ መኪኖች ዘመድ ስለሆኑ አልቆጣም፤ ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎቻችን የተወለዱት ከዚሁ ከ124 ቤት ነው። የሚያናድደኝ የመኪናው ጩኸት ነበር። ኮብልስቶን ላይ ሲወጣ በሮቹ እንደ ባዶ በርሜል ይንኳኳሉ፤ ቀለበት መንገድ ላይ ደግሞ እኔና ባለቤቴ በምልክት እናወራ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሱቅ «ትልቅ ስፒከር ይሸፍነዋል» ብሎ አሳመነኝ። ከኋላ ኮፈኑ ውስጥ ሣጥን የሚያህል ነገር ገጠሙልኝ። ሙዚቃውን ከፍ ባደረግኩ ቁጥር የኋላ ኮፈኑና ታርጋው አብረው ይዘፍናሉ፤ ነዳጅ ስረግጥ ደግሞ ስፒከሮቹ እንደ ትንኝ ሲጢጥ ይላሉ። ገንዘቤም ወጣ፣ ጆሮዬም ደከመ።

አሁን የማመሰግነው ወጣት ወርክሾፑ ከጎተራ ወደ ሳሪስ ሲሄዱ ገባ ብሎ ነው። መኪናው ውስጥ እንደገባ የመጀመሪያ ሥራው ሬዲዮውን ማጥፋት ሆነ። ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ያህል ንዳ አለኝና በመዳፉ አንዴ ጣሪያውን፣ አንዴ በሩን፣ አንዴ ወለሉን ተጭኖ ሲያዳምጥ ቆየ። ስንመለስ «ጋሼ፣ ስፒከር አይግዙ። መጀመሪያ በሩን እንዝጋው» አለኝ። ተዘግቷል አልኩት። አንድ ወረቀት በበሩ መሃል አድርጎ ዘጋውና ሳበው፤ ወረቀቱ ያለ ምንም ትግል ወጣ። የበሩ ዙሪያ ጎማ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሞልቶት ደርቆ ኖሯል። የነፋሱ ድምፅ አብዛኛው በዚያ ነበር የሚገባው።

ምንጣፉን ሲያነሳ የድሮው የሬንጅ ንጣፍ እንደ ቆሎ ተፈረካከሰ። ከሹፌሩ እግር ሥር ዝገት አገኘና ሥራውን አቁሞ ደወለልኝ። ሸፍኖት ቢያልፍ እኔ መቼ አውቄ! «ዝገት ላይ አላነጥፍም» ብሎ መጀመሪያ ወደ በያጅ ላከኝ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከድምፁ ይልቅ ያ ስልክ ነው።

ላሜራው ላይ የለጠፈው ጀርባው አሉሚኒየም የሆነ፣ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ የሚወፍር፣ ቡቲል የሚባል ተጣባቂ ጎማ ነው። ላሜራው ሲንቀጠቀጥ ጎማው ንቅናቄውን ይዞ ወደ ጥቂት ሙቀት ይለውጠዋል። እኔ ሁሉንም ቦታ ይሸፍናል ብዬ ብዙ ገዝቼ ነበር። እሱ ግን በጣቱ እያንኳኳ፣ የሚጮኸውን ቦታ በጠመኔ ምልክት እያደረገ፣ በብዛት የላሜራውን መሃል ብቻ ለጥፎ ግማሹን መልሶ ሰጠኝ። «አንድ ሺህ ኪሎ ገደማ በሆነች መኪና ላይ ለምን ጭነት እንጨምራለን?» ነው ያለኝ። ከሞተሩ በኩል ሽቦ የሚያልፍባቸውን ክፍት ቀዳዳዎች ደፈነ፤ የማርሚታውን ድምፅ ግን እንዳይነካ ለምኜው ተስማማ። ጣሊያናዊው መሐንዲስ ላምፕሬዲ የነደፈውን ባለሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ) ሞተር አፍኖ መንዳት ነውር ነው።

ዋናው ትምህርት የተገኘው ከበሩ ነው። ስፒከር ከፊት የሚገፋውን አየር ከኋላው ይስባል። የበሩ ውስጠኛ ላሜራ በቀዳዳ የተሞላ ከሆነ የኋላው ድምፅ ዞሮ ይመጣና ወፍራሙን ድምፅ ያጠፋዋል። ቀዳዳዎቹን ሲደፍን በሩ ራሱ የስፒከር ሣጥን ሆነ። ከታች ያሉትን የውሃ መውጫዎች ግን አልነካም። የክረምት ዝናብ በመስታወቱ በኩል ወደ በሩ ውስጥ ይወርዳል፤ መውጫ ካጣ በሩ ከውስጥ ይበሰብሳል። እንዳምነው በማንቆርቆሪያ ውሃ አፍስሶ በታች ሲወጣ አሳየኝ።

የቀኝ ስፒከር ሽቦ ተገልብጦ መታሰሩንም በአንድ የእጅ ባትሪ ድንጋይ አወቀ፤ ሲያስነካው ወደ ውጭ መገፋት ሲገባው ወደ ውስጥ ተሳበ። የትንኙ ጩኸት ደግሞ የመጣው የአምፕሊፋየሩ (የድምፅ ማጉያው) የመሬት ሽቦ ቀለም ላይ በመታሰሩ ነበር፤ ላሜራውን ፍቆ በባዶው ብረት ላይ አሰረው። የተቆጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፦ ከመኪናው ባትሪ የሚነሳው ወፍራም ሽቦ ፊውዝ እንደሌለው ሲያይ። «ይህ እኮ እሳት ነው» ብሎ ባትሪው አጠገብ ገጠመለት።

በመጨረሻ የተገዙት ሁለት መካከለኛ የበር ስፒከሮች ናቸው፤ ትልቁን ሣጥን አውጥቼ ሸጥኩት። አሁን የአባቴን የድሮ ካሴቶች ስሰማ የበገናው ክር ሲነዝር ለብቻው ይለያል። ባለቤቴም ከጎኔ ሆና በቀስታ ታማኛለች፤ እሰማታለሁ።

እንከን የለውም አልልም። አራት ቀን ያለው ሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ ፈጥኜ ስነዳም የነፋስ ድምፅ ጨርሶ አልጠፋም፤ ይህንንም አስቀድሞ ነግሮኛል። ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቀኝ፣ የሚፈልገው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ የከፈልኩትንም እነግረዋለሁ። የምትሄዱ ከሆነ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ድረሱ። ከዚያ በኋላ ጆሮውን ላሜራ ላይ ለጥፎ ስለሚውል በር ቢያንኳኩም አይሰማም።