ለትዳር ንብረት ጥያቄ፦ ፍትሐ ነገሥት ወይስ የቤተሰብ ሕጉ?

ስለ ትዳርና ንብረት ለማንበብ የፈለገ ሰው ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ያገኛቸዋል።

ይዘት። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ በዓረብኛ ተዘጋጅቶ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው። ጋብቻን፣ ውርስን፣ ብድርን ሁሉ ይዟል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው።

ጥቅም። እዚህ ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ቤቱ በባል ስም ብቻ ተመዝግቧል እንበል። አዋጁ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። ከጋብቻ በፊት የነበረ ወይም በውርስ የተገኘ ንብረት የግል ነው። ከግል ንብረት የሚገኘው ገቢ ግን የጋራ ይሆናል። ይህችን ነጥብ ብዙ ሰው ስለማያውቃት ኪራይ ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል። የጋራ ቤት ለመሸጥም የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ፍትሐ ነገሥት ይዞ ፍርድ ቤት መሟገት ዛሬ አያዋጣም።

ንባብ። አዋጁ አጭርና ግልጽ ነው። ፍትሐ ነገሥት ጊዜ ይፈልጋል፤ የግዕዙን ንባብ ከአማርኛ ትርጓሜው ጋር የያዘውን እትም ብትመርጡ እመክራለሁ።

ስጋት። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ። ውርስም እዚያ ውስጥ የለም፤ 1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ማየት ግድ ነው።

ልታገቡ፣ ቤት ልትገዙ ወይም ልትፋቱ ከሆነ አዋጁን ያዙ። አባቶቻችን በምን ሲዳኙ እንደኖሩ ማወቅ ለሚፈልግ፣ ለታሪክና ለግዕዝ ተማሪ ግን ፍትሐ ነገሥትን የሚተካ የለም።