ሐውልቱ ፊቱን ሲቀይር፦ የ«ኤልደን ሪንግ» ስውር ታሪክ ግምገማ

«ኤልደን ሪንግ» በተባለው የቪዲዮ ጌም ውስጥ ባለችው በሌይንደል ከተማ፣ ወደ ወርቃማው ዛፍ መቅደስ በሚያደርሰው መንገድ አቅራቢያ የራዳጎን ትልቅ ሐውልት ቆሟል። ከፊቱ መሬት ላይ፣ ምስጢርን የሚገልጠው ወደ ኋላ መመለስ ብቻ እንደሆነ የሚናገር አንድ መስመር ጽሑፍ አለ። በመጀመሪያው ጉዞዬ ጽሑፉን አንብቤ አልፌው ሄድሁ። በሁለተኛው ግን «የመመለስ ሕግ» የተባለውን ድግምት ይዤ ወደዚያው ቦታ ተመለስሁ። ይህ ድግምት በሌላ ጊዜ የሚያገለግለው በተጫዋቹ ላይ ያረፈውን በጎም ሆነ ክፉ ኃይል ለማስወገድ ነው፤ ለመጠቀም 37 የኢንተለጀንስ (የአእምሮ ችሎታ) ነጥብ ስለሚጠይቅም በጉልበቱ ብቻ የሚታመን ተዋጊ አይደርስበትም። ከሐውልቱ ፊት ስደግመው የራዳጎን ምስል ጠፍቶ በቦታው ንግሥት ማሪካ ቆመች፤ ራዳጎን ማሪካ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍም ታየ። ባልና ሚስት ናቸው ብዬ ለብዙ ሰዓት የያዝኋቸው ሁለቱ፣ አንድ አካል ሆነው ተገኙ።

ይህን የቪዲዮ ጌም ለማያውቁ አንባቢዎች፦ «ኤልደን ሪንግ» የጃፓኑ ፍሮምሶፍትዌር ሠርቶት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2022 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በዘ ጌም አዋርድስ የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎ ተሸልሟል። ዋና ዳይሬክተሩ ሂደታካ ሚያዛኪ ነው፤ የዓለሙን ጥንታዊ ታሪክ የጻፈው ደግሞ አሜሪካዊው ደራሲ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ነው። ይህ የሥራ ክፍፍል ለጌሙ አተራረክ መሠረት ሆኗል። ማርቲን የዓለሙን ሥርዓት የያዘው ቀለበት፣ ማለትም ኤልደን ሪንግ፣ ከመሰበሩ በፊት የነበረውን ዘመን ጻፈ፤ ሚያዛኪና ባልደረቦቹ በዚያ ላይ ፍርስራሹን ሠሩበት፤ ተጫዋቹ የሚመጣው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ስለ ውጊያው ክብደት ብዙ የተጻፈ በመሆኑ፣ በዚህ ግምገማ የምመዝነው የተሰወረውን ታሪክና ምሳሌያዊ ትርጉሙን ብቻ ነው።

ጌሙ ታሪኩን ከመግቢያው ጀምሮ እስከ መጨረሻው አስከትሎ የሚነግር ተራኪ የለውም። ታሪኩ ተበታትኖ የሚገኘው በሰይፍ፣ በቀለበትና በልብስ መግለጫዎች፣ ሰዎች በሚሰነዝሯቸው ቁርጥራጭ ንግግሮችና በሕንፃዎች አቀማመጥ ውስጥ ነው። ሚያዛኪ በልጅነቱ ከዕድሜው በላይ የሆኑ መጻሕፍትን ያነብ እንደነበርና ያልገባውን ክፍል በራሱ ምናብ ይሞላ እንደነበር በቃለ ምልልስ ተናግሯል፤ ጌሙም ተጫዋቹን በዚያው ልጅ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። በሁለተኛ ቋንቋ እያነበብን ላደግን ሰዎች ይህ ስሜት እንግዳ አይደለም። ጌሙ በአማርኛ ስላልተዘጋጀ የምናነበው በእንግሊዝኛ ነው፤ የእንግሊዝኛው ጽሑፍም ራሱ ከጃፓንኛ የተተረጎመ በመሆኑ በመንገድ የሚቀር ነገር አለ። ለምሳሌ ዋናው ገጸ ባሕርይ በእንግሊዝኛው ክብሩ የደበዘዘ፣ የዛገ ብረት የሚመስል ስም ሲኖረው፣ የጃፓንኛው ቃል ግን ቀለሙ የለቀቀ ሰው ማለት ነው። የወርቁ ጸጋ ከዓይናቸው ጠፍቶ ከአገር ስለተባረሩ ሰዎች የሚነገር በመሆኑ፣ የኋለኛው ትርጉም ለታሪኩ የቀረበ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ወደ ማሪካና ራዳጎን ልመለስ፤ የጌሙ እምብርት እዚያ ነውና። ከመጨረሻው ውጊያ በኋላ የሚገኝ አንድ የድንጋይ መዶሻ አለ። መግለጫው እንደሚለው ማሪካ ቀለበቱን የሰበረችው፣ ራዳጎንም ሊጠግነው የሞከረው በዚያው በአንዱ መዶሻ ነው። የሁለቱን አንድነት ሳያውቅ ይህን የሚያነብ ሰው ሚስት የሰበረችውን ባል ሊጠግን ተነሣ ብሎ ይረዳል፤ አንድነታቸውን የሚያውቅ ግን የሚያየው ከራሷ ጋር የተጣላች አንዲት አምላክን ነው። ተራ ብረትን ወደ ወርቅ ለመለወጥ ይሞክር በነበረው በጥንቱ የአውሮፓ የአልኬሚ ጥበብ መጻሕፍት ውስጥ ግማሹ ወንድ ግማሹ ሴት የሆነ ባለ ሁለት ራስ አካል ይሣላል፤ የቀዩ ንጉሥና የነጯ ንግሥት ጋብቻ ፍጻሜ ተደርጎ ይታያል። ቀይ ጸጉር ያለው ራዳጎን አስቀድሞ የሙሉ ጨረቃ ንግሥት የምትባለውን ሬናላን ማግባቱ፣ የጥንቱ የሕይወት ምንጭ በጌሙ ውስጥ በማዕድን ማቅለጫ ስም መጠራቱ፣ የማሪካና የራዳጎን ልጅ ሚኬላ እህቱን ለማዳን ምንም ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ወርቅ መፈለጉ፣ ሁሉም የአንጥረኛ ቤት ቋንቋ ነው። በአልኬሚው ሥዕል ግን ውሕደቱ ፍጹምነትን ሲያመለክት፣ እዚህ የተዋሐደው አካል አንዱ ሲሰብር ሌላው እየጠገነ ይሠቃያል። አዘጋጆቹ ሥዕሉን ተውሰው ትርጉሙን በመገልበጣቸው ለጌሙ ያለኝ ግምት ከፍ ብሏል።

የብዙ ተንታኞች የመጀመሪያ ማረፊያ የኖርዲክ አፈ ታሪክ ነው። ዓለምን የሚያክል ዛፍ፣ ሩን የሚባሉ የኃይል ምልክቶችና በዛፍ ውስጥ የተሰቀለች አምላክ አብረው ሲታዩ የኖርዲክ አማልክት አለቃ የሆነውን ኦዲንን አለማስታወስ አይቻልም። በጥንታዊው የአይስላንድ ግጥም መሠረት ኦዲን ራሱን ለራሱ ሰጥቶ፣ በጦር ቆስሎ፣ ዘጠኝ ሌሊት በዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሩኖቹን አገኘ። ማሪካም በዛፉ ውስጥ እጆቿን ዘርግታ ተሰቅላ ትገኛለች። ልዩነቱ ግን ከተመሳሳይነቱ ይበልጣል፤ ኦዲን የተሰቀለው ዕውቀት ፈልጎ በፈቃዱ ሲሆን፣ ማሪካ የታሰረችው የያዘችውን ሥርዓት በገዛ እጇ በመስበሯ ነው። እርሱ በስቅላቱ ሩኑን አገኘ፤ እርሷ የሩኖቹን ቀለበት ስለሰባበረች ተሰቀለች። ማሪካ ኦዲን ናት ብሎ የሚያቆም ትንታኔ ይህን ግልባጭ ሳያየው ያልፋል።

ምሳሌው በተጫዋቹ እጅና እግር እንዲሠራ ተደርጎ የተሰናዳበትን አንድ ቦታ በተለይ ላንሣ። በሊዩርኒያ ሐይቅ ዳር የካሪያ የጥናት አዳራሽ አለ። አንድ የተገለበጠ ትንሽ ሐውልት አግኝተን በመቀመጫው ላይ ስናኖረው አዳራሹ በሙሉ ይገለበጣል፤ ጣሪያው ወለል ይሆናል፣ ቀድሞ ከራሳችን በላይ በነበሩት ወጋግራዎች ላይ እየተራመድን ወደ ማማው እንሻገራለን። በማማው ጫፍ የምናገኘው የተቃጠለው የሬናላ ልጅ የራኒ ሥጋ ነው። ራኒ «የጥቁር ቢላዎች ሌሊት» በተባለው የግድያ ሌሊት ሥጋዋን ገድላ ነፍሷን አትርፋለች፤ በዚያው ሌሊት ደግሞ የማሪካ ልጅ የወርቃማው ጎድዊን ነፍስ ሞቶ ሥጋው በሕይወት ቀርቷል። የሞት ምልክቱ በሁለቱ ሥጋ ላይ ግማሽ ግማሽ ሆኖ አርፏል፤ ሁለቱ ሲገጠሙ ሙሉ ክብ ይሆናሉ። ሙታን በዛፉ ሥር ተቀብረው ወደ ዛፉ በሚመለሱበት ዓለም፣ መሞት ያልቻለው የጎድዊን ሥጋ በሥሮቹ መካከል እየተንሰራፋ የመቃብሩን ሥርዓት ያበላሻል። በጌሙ መጀመሪያ አካባቢ በስቶርምቬይል ግንብ ምድር ቤት ያየሁት ያ አስፈሪ ግዙፍ ፊት የዚሁ ነገር ክፍል መሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ሰዓት በኋላ ነበር፤ ስለዚህም ወደ ግንቡ ተመልሼ ወርጄ አየሁት።

የእኛ የመጽሐፍ መምህራን በአንድምታ ትርጓሜ አንዱን ንባብ ከፈቱ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ይጨምራሉ፤ ሁለተኛው ፍቺ የመጀመሪያውን ሳይሽር ጎን ለጎን ይቆማል፤ ሁሉም ግን ከንባቡ ይነሣሉ። ይህ ጌም የሚነበበው እንዲሁ ነው ብዬ አምናለሁ። መግለጫዎቹ ራሳቸው በብዙ ቦታ «ምናልባት» ይላሉ። የግዙፎቹን ቀይ የጸጉር ጉንጉን የያዘው መሣሪያ፣ ራዳጎን ቀይ ጸጉሩን ይጠላ እንደነበር ከነገረን በኋላ ምክንያቱ የግዙፎቹ እርግማን ሊሆን እንደሚችል ይጠቁምና ዝም ይላል። ያንን ዝምታ በእርግጠኝነት የሚዘጋ ተንታኝ ከጽሑፉ በላይ ይናገራል።

ከጽሑፉ ውጭ መውጣት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ በራሴም አይቻለሁ። በእሳተ ገሞራው ቤት የቤቱ ጌታ ራይካርድ ራሱን ለግዙፍ እባብ አስበልቶ ከእርሱ ጋር አንድ ሲሆን፣ ሐሳቤ ወዲያው በአክሱም ነግሦ ግብር ይቀበል ወደ ነበረው ወደ ዘንዶው አርዌ ሄደ። ዝምድናው ለእኔ ስሜት ሰጥቶኛል፤ በጌሙ ውስጥ ግን የሚደግፈው አንድም ቃል ስለሌለ እንደ ትርጓሜ አላቀርበውም። የታላላቆቹ ገጸ ባሕርያት ስም በጂ፣ በአር እና በኤም መጀመሩን አይተው ማርቲን የስሙን መነሻ ፊደላት ደብቋል ያሉም ነበሩ፤ ደራሲው ግን ስሙ በግልጽ በጌሙ ላይ ተጽፎ ሳለ የሚደብቅበት ምክንያት እንደሌለ ገልጾ አስተባብሏል።

ጉድለቶቹም ቀላል አይደሉም። ተጫዋቹ ያነበበውን የሚይዝበት ማስታወሻ በጌሙ ውስጥ ስለሌለ፣ የሁለት ሳምንት ዕረፍት ያደረገ ሰው የያዘውን ክር ያጣል። የሰዎቹ ታሪክ ከአንድ ቦታ ቀድሞ በመድረስ ወይም በመዘግየት ብቻ ያለ ማስጠንቀቂያ ይቋረጣል፤ የሐውልቱን ምስጢር በጌሙ ውስጥ ለምናገኘው ባለ ወርቅ ጭምብል ሊቅ ማድረስ የሚገባንም ሌይንደል በአመድ ከመሸፈኗ በፊት ነው። ምስጢርን መሰወር አንድ ነገር ነው፤ የተገኘውን ምስጢር ማስጣል ግን አንባቢን መበደል ነው። ስለዚህ ወረቀትና ብዕር ይዞ መጫወትን አጥብቄ እመክራለሁ።

ዋናው ጌም ሲወጣ ዋጋው 59.99 ዶላር ነበር፤ ጁን 21 ቀን 2024 የወጣው «ሻዶው ኦፍ ዘ ኤርድትሪ» የተባለው ተጨማሪ ክፍል ደግሞ 39.99 ዶላር። ወደዚህ ክፍል ለመግባት አስቀድሞ ራዳንና ሞግ የተባሉትን ሁለት ኃያላን ተጋጣሚዎች ማሸነፍ ያስፈልጋል። የመጨረሻው ውጊያ አላረካኝም፤ ሚኬላ ራዳንን አጋሩ አድርጎ ማስነሣቱን የሚያዘጋጅ ምልክት በዋናው ጌም ውስጥ ፈልጌ የሚበቃ አላገኘሁም፤ ራዳጎን ማሪካ መሆኑ ግን ቀድሞውኑ በመዶሻ፣ በሐውልትና በጸጉር ሲነገር የኖረ ነበር።

ሆኖም ለትርጓሜ ለሚገዛ ሰው ይህ ክፍል ዋጋው ይገባዋል። በዋናው ጌም ሰው ሁሉ የወደዳቸው በእግራቸው የሚሄዱት ማሰሮዎች፣ እነ ደጉ አሌክሳንደር፣ ከዚህ በኋላ እንደ ቀድሞው አይታዩም፤ ቀንዳሞቹ ሕዝቦች የማሪካን ወገኖች ቆራርጠው በማሰሮ ያጭቁ እንደነበር እዚህ እንማራለንና። የማሪካ ልጅ ሜስመር በእናቱ ስም ቀንዳሞቹን በእሳት የፈጀበት ቁጣ ከየት እንደመጣም ይገባናል። ከዚያ ሁሉ ቃጠሎ ባሻገር በአበባ የተሸፈነች ባዶ መንደር አለች፤ ጠላትም ሰውም የለባትም። በዚያ የምናገኘው ድግምት ቁስለኛን የምትፈውስ ትንሽ የወርቅ ዛፍ ያበቅላል፤ ማሪካ የሚፈወስ ሰው እንደሌለ እያወቀች የትውልድ መንደሯን በዚያ ወርቅ እንዳለበሰች መግለጫው ይናገራል። በአንዲት አሮጊት እናት ምስል በሆነ ዛፍ ሥር ደግሞ የተቆረጠ የወርቅ ጸጉር ጉንጉን ተቀምጧል። ራዳጎን የጠላውን ቀዩን ጉንጉን በዕቃ ቤቴ እንደያዝሁ ይህን ወርቃማውን አነሣሁት፤ ሁለቱን መግለጫዎች ተራ በተራ ካነበብሁ በኋላ ወደ ዋናው ጌም ተመልሼ የሐውልቱን ቦታ እንደገና ጎበኘሁ።