የሴራሚክ ሲለር ከቀባሁ ዘጠኝ ወር ሞላኝ

ግንቦት ውስጥ ነው የቀባሁት። አሁን የካቲት ነው። በመሀል አንድ ክረምት፣ አንድ እንቁጣጣሽ፣ አንድ ገናና ቁጥር ስፍር የሌለው ቡና አልፏል። አሁን አፌን ሞልቼ ብናገር አያሳፍረኝም።

ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ የዕቃውን ስም ትቼዋለሁ። ሲለር ማለት በሴራሚክ መሀል ያለው መስመር እድፍ እንዳይጠጣ የሚቀባ ማሸጊያ ነው፤ የእኔው ሳይሌንና ሳይሎክሴን የሚባሉ ውሃ የሚገፉ ኬሚካሎች ያሉበት፣ እንደ ውሃ የቀጠነ ፈሳሽ ነው። ጠርሙሱ አንድ ሊትር ይይዛል። እንደ ቫርኒሽ ላይ ላዩን የሚለጠፍ ዓይነት አይደለም፤ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ሻጩ «አንዴ ቀቢው፣ አሥር ዓመት ትረሺዋለሽ» ብሎኝ ነበር። ይህን ቃል ያዙልኝ።

የእኔ ችግር ሴራሚኩ አልነበረም። ወለሌ ፖርስሊን የሚባለው ጠጣር የሴራሚክ ዓይነት ነው፤ ፖርስሊን ደግሞ የሚመጠው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም። ምን ቢደፋበት በጨርቅ ይነሳል። በሁለት ሴራሚክ መሀል ያለው ሦስት ሚሊሜትር መስመር፣ ግራውቱ ማለቴ ነው፣ እሱ ግን ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ይጠጣል። ዘይት ይጠጣል፣ ቡና ይጠጣል፣ የመወልወያውን እጣቢ ሳይቀር ይጠጣል። ቤት ስንገባ ነጭ የነበረው መስመር በሁለት ዓመት ውስጥ የጀበና ቂጥ መሰለ።

እናቴ «በረኪና የማያስለቅቀው ነገር የለም» ባይ ናት። እኔም እሷን ተከትዬ በየሳምንቱ በረኪና አፈስ ነበር። በረኪና ሲያቅተኝ የሽንት ቤት አሲድ። አሲዱ ወዲያው ነጭ ያደርገዋል፣ ደስ ይላል። የሚያነጣው ግን የሲሚንቶውን ፊት እየበላ ነው። የተበላው ፊት ሻካራ ይሆናል፤ ሻካራው ደግሞ የባሰ ቆሻሻ ይይዛል። አንድ ቀን በረኪናው ሳይታጠብ አሲዱን ደፋሁበትና እየሳልኩ በሩን በርግጄ ኮሪደር ላይ ወጣሁ። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ያ ጋዝ ሰው ይገድላል። በጭራሽ እንዳትሞክሩት።

ወደ ሲለሩ ልመለስ። መቀባቱ ቀላል ነው፤ የገደለኝ ዝግጅቱ ነው። መስመሩ በደንብ ካልጸዳ ቆሻሻውን አብራችሁ ታሽጉታላችሁ። ሙሉ ቅዳሜ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ በቤኪንግ ሶዳ፣ በሙቅ ውሃና ባረጀ ጥርስ ብሩሽ ስፈትግ ዋልኩ። ሻወር ቤቱ ሌላ ጣጣ ነበረው። ሴራሚኩን የሠራው ሰው መስመሩን በነጭ ሲሚንቶ ብቻ ነበር የሞላው፤ ተሰነጣጥቋል። ሲለር ደግሞ ስንጥቅ አይደፍንም። አስፍቄ በትክክለኛ ግራውት አስሞላሁትና ደርቆ እስኪጠና ወር ጠበቅሁ።

ከዚያ መድረቅ አለበት። እንዲሁ መድረቅ አይደለም፣ ሁለት ቀን ውሃ ሳይነካው መድረቅ። ከተቀባ በኋላም ሌላ 24 ሰዓት። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህን ማስረዳት ትንሽ ያስቃል። ውሃው በመጣበት ቀን «አትታጠቡ» ስላቸው ቤተሰቡ ሊበላኝ ደረሰ። ፎጣ ይዘን እህቴ ቤት ሄድን።

በትንሽ ብሩሽ መስመር መስመሩን ትቀባላችሁ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ትጠብቃላችሁ፣ ሴራሚኩ ላይ የቀረውን በደረቅ ጨርቅ ትጠርጋላችሁ። እኔ በመሀል ስልክ ተደወለልኝና አንዱን ጥግ ረሳሁት። ነጭ ደመና የመሰለ ነገር ተጋግሮ ቀረ። በውሃ አልለቅ አለ። መፍትሔው የሚገርም ነው፦ ራሱን ሲለሩን ደግሞ መቀባትና ሳይደርቅ ቶሎ መጥረግ። ለቀቀ።

እንግዲህ ውጤቱ። የወጥ ቤቱ ግድግዳ እስከ ዛሬ አንደኛ ነው። ምድጃው ጀርባ የቁሌት ዘይት በየቀኑ ይፈናጠራል፤ በላርጎና በስፖንጅ ይወርዳል። የእንቁጣጣሽ ዕለት ሳሎን ቄጠማ ጎዝጉዤ ማታ ጠረግሁ። በፊት ቢሆን አረንጓዴው መስመሩ ላይ ወር ይከርም ነበር፤ ዘንድሮ ምንም። የገና ዕለት ደግሞ የዶሮ ወጥ ጭልፋ ወደቀ። ቶሎ ያነሳሁት ቦታ ንጹህ ነው። ወንበር ስር ገብቶ ማግስቱን ያየሁት ጠብታ ግን ብርቱካናማ ጥላ ትቶ ቀርቷል። ዘይትና በርበሬ ጊዜ ካገኙ ይገባሉ። ሲለሩ የሚሰጣችሁ ጨርቅ ፈልጋችሁ እስክትመጡ ያለውን ጊዜ ነው፤ ያን ያህል ነው ጥቅሙ። ለእኔ ይበቃኛል።

ሻወር ቤት ግን አሥር ዓመቱ አምስት ወር ሆነ። መጀመሪያ ላይ የውሃ ጠብታ መስመሩ ላይ እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ ይቀመጥ ነበር። ጥቅምት ላይ ጠብ ሳደርግበት ወዲያው ጠጣውና መስመሩ ጠቆረ። በየቀኑ ሙቅ ውሃና ሳሙና የሚወርድበት ቦታ ስለሆነ አልፈርድበትም፤ በሻጩ ግን እፈርዳለሁ። የጉድጓድ ውሃ የሚተወው ነጭ ኖራም አልቀረልኝም። እሱ የሚጋገረው ሴራሚኩ ፊት ላይ ስለሆነ ሲለር አይከለክለውም። ከታጠብን በኋላ ግድግዳውን በጎማ መጥረጊያ ወደ ታች መሳብ ጀመርን፤ ከየትኛውም ፈሳሽ በላይ የረዳን እሱ ነው።

በረኪናና አሲዱን አቁሜያለሁ። አሁን ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ላርጎ ጠብ አድርጌ እወለውላለሁ፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ እደግመዋለሁ። በሐቀኝነት ልንገራችሁ፣ ወለሉ ከነጣበት ምክንያት ግማሹ ሲለሩ ሳይሆን ይህ ይመስለኛል።

ከሊትሩ ግማሽ አልጨረስኩም፣ ከሴራሚኩ መስመሩን ብቻ ስለቀባሁ። ለሳሎንና ለወጥ ቤት ዳግመኛ እገዛዋለሁ። ለሻወር፣ በየአምስት ስድስት ወሩ ለመድገም ትዕግሥት ካላችሁ ብቻ።

የቀረው የእብነ በረዱ ነገር ነው። የወጥ ቤት መደርደሪያችን ነጭ እብነ በረድ ነው፤ ሲለሩ ለድንጋይም ይሆናል ስለሚል ቀባሁት። ቡና ሲንጠባጠብበት ይጠረጋል፣ እርድ እንኳ ይለቃል። አንድ ማታ ግን ግማሽ ሎሚ ቆርጠን ፊቱን ደፍተን ረሳነው። ጠዋት ስናነሳው ክብ የደበዘዘ ቀለበት ቀርቷል። ብፈትገው ብፈትገው ወይ ፍንክች። ለካ ቆሻሻ አይደለም፤ አሲዱ የድንጋዩን ፊት ራሱን በልቶታል። ሲለር እድፍ እንጂ አሲድ አያቆምም፤ ኮምጣጤም ያው ነው። በባለሙያ ማስወልወል ነው ያለው አማራጭ፣ እስካሁን አላስወለወልኩም። እንግዳ ሲመጣ እናቴ ረከቦቱን እዚያ ላይ ታስቀምጥበታለች።